ሸጊቱና የባሕር ሣር ሳፋቸው

እትዬ ሸጊቱ ካረፉ ሰባት ዓመት አለፈ። በሰፈራችን ስማቸው ሲነሣ «እኚያ ሳል የማይለቃቸው የዘጌዋ ሴትዮ» ይባላል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እዚሁ ባሕር ዳር ተቀምጠው፣ ከጨው ባሕር ያን ያህል ርቀው፣ የባሕር ሣር በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ያበቀሉ ሴት እንደ ነበሩ አውቃለሁ። አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁና እጄ ሳይዝል ልጽፈው አሰብሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሐይቁ ዳር በነበረ አንድ ትምህርት ቤት እኔ፣ ውዴ፣ የሳይንስ ክፍሉን ጠርሙስና ብርጭቆ አጥብ ነበር፤ እሳቸው ወለል ይጠርጋሉ፣ መስኮት ይወለውላሉ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እሳቸው ወደ አርባ አምስት ይጠጋሉ። አባታቸው ዘጌ ውስጥ መሪጌታ ነበሩ። ወንድማቸው ፊደል ሲቆጥር እሳቸው ከደጅ ተቀምጠው እህል እየለቀሙ በመስማት ነው ማንበብ የቻሉት። ከተማ ከገቡ በኋላ ስድስት ዓመት በፈትል ሥራ ኖሩ፤ ደረታቸው አላስችል ሲላቸው መጥረጊያ ያዙ። እጃቸው ግን ፈትሉን አልረሳም። የተወሳሰበ ሲባጎ መንገድ ላይ ካዩ አንሥተው ሳይፈቱ አያልፉም ነበር።

የባዮሎጂ መምህሩ ገብረ መስቀል ደግሞ የምፅዋ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቹ ጣናን «ባሕር» ሲሉ ደማቸው ይፈላል። «ይኼ ሐይቅ ነው! ባሕር ቀምሰው የሚተፉት ነው» ይሉ ነበር። እሱን ለማሳየት ብለው በብረት ማዕዘንና በስቱኮ የተያያዘ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አሠሩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ጨው የሚጭኑ ሾፌሮችን እየለመኑ ከምፅዋ የባሕር ውሃ በጀሪካን፣ ዓሣ በላስቲክ ያመጡ ነበር። ተማሪ ሁሉ ጣቱን ነክሮ ይልስና ፊቱን ያጨማድዳል፤ መምህር ደስ ይላቸዋል።

ከመንገዱ እንግልት የተረፉት ዓሣዎች አምስት ነበሩ። ስም ያወጡላቸው እትዬ ሸጊቱ ናቸው። አንዷ መስመሯ የነጠላ ጥለት ስለሚመስል ጥለት፤ አንዱ ከመልኩ የተነሣ ብርቱካን፤ ሦስቱ ጥቋቁሮች ሁልጊዜ በአንዲት ድንጋይ ዙሪያ ስለሚቆሙ ሦስቱ ጉልቻ። እነዚህ አምስቱ በገዛ ጉድፋቸው እንዳይመረዙ በየሁለት ወሩ ከቆየው ውሃ እኩሌታው ይደፋል፤ በምትኩ ከጀሪካን አዲስ የባሕር ውሃ ይጨመራል። የዓሣዎቹ ዕድሜ የተንጠለጠለው በጀሪካኑ ላይ ነበር ማለት ነው።

በ፲፱፻፷፱ ሐምሌ መምህር እንደ ልማዳቸው ወደ ምፅዋ ሊወርዱ ተነሡ።

«ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ለመስከረም እደርሳለሁ። ያለው ውሃ እስከዚያ ይበቃል። ዓሣዎቹን አደራ» አሉ።

«አደራ ከባድ ነው መምህር። ይሁን፣ ተቀብያለሁ። እርስዎ ብቻ በሰላም ይግቡ።»

የውሃውን ጨው የሚለኩበትን የመስታወት ዘንግ ለምፅዋው ውሃ ስለሚፈልጉት ይዘውት ሄዱ። በምትኩ ንጹሕ የባሕር ውሃ የሞላ ትንሽ ጠርሙስ አፉን በሰም አሽገው ሰጧቸው። «መለኪያው ምላስዎ ነው» አሉ። «ከዚህ አንድ ጠብታ፣ ከሳጥኑ አንድ ጠብታ። እኩል ከሆኑ ደኅና ነው። ቢቸግር ደግሞ ይኸውና ግማሽ ጆንያ የባሕር ጨው።»

መስከረም ጠባ፤ መምህር አልመጡም። ጦርነቱ የአሥመራንና የምፅዋን መንገድ ዘጋው ተባለ። ደብዳቤም ሾፌርም ጠፋ። በጥቅምት መጨረሻ የመጨረሻው ጀሪካን ተደፍቶ አለቀ። በኅዳር ውሃው ቢጫ ሆነ፣ መሽተት ጀመረ፣ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከላይ አውጥተው እየከፈቱ ይዘጉ ጀመር። እትዬ ሸጊቱ መስታወቱን በጨርቅ እየወለወሉ «አደራ በላ ልሆን ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ለእኔ አልነበረም የሚነግሩት፤ ለጥለት ነበር።

የጉድ ነገር፣ መፍትሔው የተገኘው በእኔ ስንፍና ነው። ከምፅዋ ከመጣው ድንጋይ ላይ እንደ ተወሳሰበ አረንጓዴ ክር ያለ ሣር ይበቅል ነበር። መምህር «አረም ነው» እያሉ ነቅለው ይጥሉታል። እትዬ ሸጊቱም እንደዚያው ነቀሉና ከቆሸሸው ውሃ ጋር በአንድ ጠርሙስ ጨመሩት። ሌላ ጠርሙስ ደግሞ ያንኑ ቆሻሻ ውሃ ብቻውን ያዘ። ሁለቱንም እንዳጥባቸው መስኮቱ ላይ አኖሩልኝ። እኔ የእኅቴ ሠርግ ነበርና ስምንት ቀን ረሳኋቸው።

«አንቺ ውዴ! እነዚህን አላጠብሻቸውም?»

«ይቅርታ እትዬ፣ አሁን አጥባለሁ።»

«ተይ! እንዳትነኪያቸው!»

አፍንጫቸውን ወደ አንዱ ጠርሙስ አስጠግተው ፊታቸውን አዞሩ፤ የረጋ የኩሬ ሽታ ነበረው። ወደ ሁለተኛው አስጠጉ። ሣር ያለበት ነው። አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ፣ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። ውሃው ጠርቷል። ሣሩ እጥፍ ሆኗል።

«ከአንድ ሳጥን፣ በአንድ ቀን የተቀዱ ናቸው» አሉ ቀስ ብለው። «ዘጌ ሳለሁ እናቴ ውሃ የምታስቀዳኝ ሐይቁ ዳር ከበቀለው ከደንገሉ ጀርባ ነበር። ጎርፉ ደፍርሶ ይገባል፣ ደንገሉ ቆሻሻውን ይበላዋል፣ ከጀርባው የምንቀዳው ኩልል ያለ ነው። ይኸም የጨው ባሕሩ ደንገል ነው፤ እኛ እየነቀልን ስንጥለው ኖርን።»

«ታዲያ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ለምን አይተዉትም?» አልሁ።

«ዓሣዎቹ ይነጩታላ። ሳጥኑም ጨለማ ላይ ነው ያለው። የብቻው ቤት ይፈልጋል።»

ቤቱን ለመሥራት አንድ ወር ፈጀ። መጀመሪያ የዘይት ቆርቆሮ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቀን ጨዉ በላውና ውሃው የዛገ ቀይ ሆነ። ደፉት። ከዚያ ከቤታቸው ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ አመጡ፤ ልብስ የሚያጥቡበት። የሳሙና ሽታው እስኪለቅ ሦስት ቀን በፈላ ውሃ ዘፈዘፉት። ከአፉ ሦስት ጣት ዝቅ ብለው በጋለ ምስማር ቀዳዳ አበጁለትና ቁራጭ የጎማ ቱቦ ሰኩበት፤ ዙሪያውን በሰም ደፈኑ። ሳፋውን ከሳጥኑ ጥቂት ከፍ አድርገው የጧት ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ሥር አኖሩት። ለዓሣዎቹ አየር የሚነፋው ሞተር እንደሆነ ከድሮም ነበረ። አረፋው በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ውሃውንም ይዞ እንደሚወጣ አስተውለው ኖሮ፣ ያን ቱቦ ወደ ሳፋው አዞሩት። የቆሸሸው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ሳፋው ይገባል፣ በሣሩ ውስጥ ያልፋል፣ ሲሞላ በጎማው ተመልሶ ወደ ዓሣዎቹ ይወርዳል። ይኸው ነው። ሌላ ጥበብ የለውም።

ሣሩ ግን ወዲያው አልተመቸውም። እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ላዩ ይለመልማል፣ ውስጡ ብርሃን አጥቶ ይነጣል፣ ይበሰብሳል። እዚህ ላይ ነው የፈትል እጃቸው የገባው። በየሦስት ቀኑ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክሩን በጣቶቻቸው ያላላሉ፣ የታችኛውን ወደ ላይ ይገለብጣሉ፤ አንዲት ክር አትበጠስም። ሳፋው ሲሞላ ግማሹን አውጥተው ይጥላሉ። «የጣልሁት ሣር አይምሰልሽ፤ የዓሣዎቹ ጉድፍ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ሣሩ ጉድፉን በልቶ ያድጋል፣ ሣሩ ሲወጣ ጉድፉም አብሮ ይወጣል።

በጥር የውሃው ቢጫነት እየሳሳ ሄደ፣ መልኩ እንደ ቀጭን ሻይ ሆነ። ሌላም ነገር ታየ። በሣሩ ውስጥ ቁንጫ የሚያህሉ ፍጥረታት ይፈናጠሩ ጀመር። ዓሣ ባለበት ሳጥን አንድ ቀን አይቆዩም ነበር፤ ሳፋው ውስጥ ግን ዓሣ የለምና በዙ። አልፎ አልፎ አንዱ በጎማው ሲወርድ ብርቱካን አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ከውጭ ይመጣ የነበረው የዓሣ ምግብ ካለቀ ቆይቶ ነበርና ይኸ ትልቅ ነገር ነበር።

ጓድ አስናቀ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የክፍሉ ኃላፊነት አዲስ ተሰጥቶት ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። ክፉ አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። ክፍሉን ለውይይት ክበብ ፈልጎታል።

«ይኼ ሳፋ ምንድነው?»

«ገዳም ነው ጌታዬ።»

«ጌታዬ አይባልም። ጓድ ነው የሚባለው።»

«እሺ ጌታዬ፣ ጓድ።»

እኔ ፊቴን ወደ ጠርሙሶቹ አዞርሁ።

«የምን ገዳም? በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ?»

«እነዚህ ጥቃቅኖች ዓሣው እንዳይውጣቸው ይማጠኑበታል። ማንም አይነካቸውም። የእኛ አገር ሰው ሲጨንቀው ወደ ደሴቶቹ ገዳም እንደሚሸሸው ማለቴ ነው።»

ጓድ አስናቀ ግራና ቀኝ አየ። «ይኼን ቃል ሌላ ሰው ፊት አይድገሙት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቀጥሎ ግን ኃላፊነቱ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከፍ አድርጎ ተናገረ። «ሚያዝያ ሃያ ሦስት፣ በላብ አደሮች ቀን፣ እንግዶች ይጎበኙናል። እስከዚያ ውሃው ካልጠራና ዓሣዎቹ በሕይወት ካልተገኙ ሳጥኑ ይደፋል። መምህሩም ይመለሱ አይመለሱ አይታወቅም።»

«ይመለሳሉ» አሉ እትዬ ሸጊቱ። ይህን ያህል ጠንክረው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ስሕተቱን ልጻፍ። ሁዳዴ ገባ። እትዬ ሸጊቱ የመሪጌታ ልጅ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም በአፋቸው አይዞርም። እስከዚያ ቀን ድረስ በየጧቱ፣ በጦም ቀን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ጠብታ ከጠርሙሱ፣ ጠብታ ከሳጥኑ ይቀምሱ ነበር። ያን ሰኞ ቆም አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ለስብሰባ ይያዛል፣ መግባት የለም።

«ውዴ፣ አንቺ ቅመሽልኝ።»

እኔ ያን ዕለት ጧት ዳቦ በልቼ ነበር። መጦም ትቼ ነበርና እሳቸው ፊት ማመን አሳፈረኝ። «እኔም ጦመኛ ነኝ እትዬ» አልሁ።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ። እንግዲህ ሳንቀምስ እንደ ጦም ወጥ በግምት እንሠራዋለን።»

የሁዳዴ ፀሐይ ብርቱ ነው። የሳጥኑ ውሃ በየቀኑ በጣት ያህል ይጎድላል። እሳቸውም የጎደለውን በጨው በተበጠበጠ ውሃ ይሞሉ ነበር። ሰኞ አንድ ጣሳ፣ ማክሰኞ አንድ ጣሳ፣ እስከ ዓርብ። ፀሐይ የምትወስደው ውሃውን ብቻ እንደሆነ፣ ጨዉ ግን እዚያው እንደሚቀር በሌላ ጊዜ ምላሳቸው ይነግራቸው ነበር። ምላሳቸው ሲዘጋ የሚነግራቸው ጠፋ።

ቅዳሜ የሁዳዴ ቅዳሜ ናት፤ ጧት ይቀመሳል። ገና ክፍሉን ሲከፍቱ ከጉልቻዎቹ አንዱ በጎኑ ተኝቶ አዩ። የሣሩ ጫፍ ነጥቷል። ጣታቸውን ነክረው ላሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወይኔ! ጨው ነው እንጂ ውሃ አይደለም!»

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመርሁ። «እትዬ፣ እኔ ጦመኛ አልነበርሁም። ዋሽቻለሁ። መቅመስ እችል ነበር።»

ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ታዲያ ዳቦሽን ይዘሽ ከበር ኋላ ስትሸሸጊ ከረምሽ? ምስኪን!» አሉና ነጠላቸውን አወለቁ። «በይ ነይ፣ ውሃ እናጥልል።»

ባልዲ ሙሉ የጣና ውሃ በነጠላቸው አጠለልን። እኔ በአንድ ጊዜ ልገለብጠው ስል እጄን ያዙኝ። «የተራበ ሰው ሞልቶ አይጎርስም።» በፊንጃል፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ፊንጃል፣ ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እንዲሁ። ተኝቶ የነበረው ጉልቻ እሑድ ማታ ሞተ። አራቱ ተረፉ። ሣሩም የነጣውን ጥሎ ከሥሩ አዲስ ክር አወጣ። እትዬ ሸጊቱ የሞተውን በሣሩ ጠቅልለው ከመስኮቱ ሥር ቀበሩትና «በሁለት ጉልቻ ድስት አይጣድም» አሉ። በማግሥቱ ከሐይቁ ዳር አንዲት ጥቁር ድንጋይ ለቅመው፣ ቀቅለው፣ በሦስተኛው ቦታ አኖሯት።

ከዚያ ወዲህ ቀማሿ እኔ ሆንሁ። እስከ ትንሣኤ ድረስ በየጧቱ «ውዴ፣ ዳቦሽን በላሽ?» ይሉኛል፤ «በላሁ» ስል «እንግዲያው ቅመሽ» ይላሉ። አንድም ቀን አላሳፈሩኝም።

ያን ዓመት የላብ አደሮች ቀን የዋለው በትንሣኤ ማግሥት ነው። እንግዶቹ ቀይ ጥብጣብ ደረታቸው ላይ ሰክተው ገቡ። ውሃው የለም እስኪመስል ጠርቶ ነበር፤ ጥለት በአየር ላይ የምትበር ነበር የምትመስለው። ከእንግዶቹ አንዱ ሽማግሌ ሳፋውን አይተው «ይኼስ ምንድነው?» አሉ። እትዬ ሸጊቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጓድ አስናቀ ፈጠን ብሎ መለሰ፤

«የኅብረት እርሻ ነው!»

ሲወጡ ወደ እትዬ ሸጊቱ ጠጋ አለና «ሳጥኑ አይደፋም» አለ። ጥቂት አሰበ። «ገዳሙም አይነካም።» የውይይት ክበቡ በሌላ ክፍል ተከፈተ። ጓድ አስናቀ አንዳንድ ቀን ብቻውን መጥቶ ከሳፋው አጠገብ ይቆም እንደ ነበር ልጽፍለት ይገባል።

መምህር ገብረ መስቀል የመጡት በ፲፱፻፸፩ ታኅሣሥ፣ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ነው። ጧት ነበር። በሩ ላይ የቆመውን ሰው ለይቼ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ኮታቸው እንደ ተሰቀለ ልብስ ነበር የተንጠለጠለው። በእጃቸው አንድ ጀሪካን ይዘዋል። ከምፅዋ እስከዚህ፣ በዚያ መንገድ፣ በየኬላው ወታደሮች አስከፍተው አሽትተውታል አሉ።

«ወይዘሮ ሸጊቱ፣ ዘገየሁ። የመጣሁት ሳጥኑን ለማጠብ ነው፤ ዓሣዎቹ እንደማይኖሩ...»

አልጨረሱትም። ጥለት በመስታወቱ ላይ መጣች። መምህር ጀሪካኑን አስቀምጠው በርከክ አሉ።

«በምን ውሃ?» አሉ። «ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። በምን ውሃ?»

«በዚያው በእርስዎ ውሃ። እያጠብን መልሰን አጠጣናቸው።» ሳፋውን አሳዩአቸው። ሣሩን በሁለት ጣት አንሥተው ክሩን ዘረጉላቸው። መምህር ቱቦውን፣ ጎማውን፣ ሰሙን አንድ በአንድ ተከትለው አዩ።

«አረም እያልሁ የምጥለው ይኼን ነው?»

«እሱን ነው።» እትዬ ሸጊቱ ቀና አሉ። «መምህር፣ አደራዎን ሙሉ አላገኙትም። ከጉልቻዎቹ አንዱ በእኔ እጅ ሞቷል። በሁዳዴ ሳልቀምስ ጨው አብዝቼ። ይቅር ይበሉኝ።»

እኔን አላነሡም። ልናገር ስል በዓይናቸው ከለከሉኝ።

መምህር ከኮታቸው ኪስ ጨርቅ አወጡና ፈቱት። የመስታወቱ መለኪያ ሁለት ላይ ተሰብሮ ነበር። «እንግዲህ መለኪያችን የእርስዎ ምላስ ብቻ ነው» አሉ። የጀሪካኑን ክዳን ከፍተው በፊንጃል ቀድተው ዘረጉላቸው። «ይኼ ከባሕሩ ነው። ከሳጥኑ ጋር ያስተያዩልኝ።»

እትዬ ሸጊቱ ፊንጃሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የነቢያት ጦም ነው መምህር። ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።»

«እንግዲያው ውዴ ትቅመስ።»

«ውዴ ዘንድሮ ትጦማለች» አሉ እትዬ ሸጊቱ፣ እየሳቁ። እውነት ነበር።

መምህር ገብረ መስቀል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እጠብቃለሁ» አሉ። ከምፅዋ የመጣ ሰው ምግብ አልቀመሰም፣ እንቅልፍ አልተኛም፤ ግን ሳጥኑን እያዩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጡ። ክፍሉ ለስብሰባ መያዙ ከቀረ ቆይቷል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እትዬ ሸጊቱ አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ አማተቡ፣ ከፊንጃሉ አንድ ጠብታ፣ ከሳጥኑ አንድ ጠብታ ላሱ። ደግመው ላሱ።

«የባሕሩ ይበልጣል» አሉ፤ «በአንድ ቁንጥር።»

መምህር ከጆንያው አንድ ቁንጥር ጨው አንሥተው በእትዬ ሸጊቱ መዳፍ ላይ አኖሩላቸው።